ቦቢ ከማድ ቤቱ ጀርባ አልወጣ አለ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ። የስንት ሰው ትዳርና ኑሮ በሚነሳበት ቦታ የውሻ ጉዳይ ይዤ መምጣቴ ትንሽ አሳፍሮኛል። ግን የማማክረው ሰው አጣሁ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ይሉኛል።

አክስቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነበር። ስኳሩ ሲበረታባት ልጇ አዲስ አበባ ወሰደቻት፤ ቤቱም ተከራየ። ተከራዮቹ ውሻውን አንፈልግም አሉ። ቦቢ ይባላል፣ አራት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ወደ ሜዳ ሊወጣ ነው ሲባል አንጀቴ አልቻለም፤ እኔ እወስደዋለሁ አልኩ። ባለቤቴም አላንገራገረም። ባለፈው ክረምት ግቢያችን ሌባ ገብቶ ስለነበር ውሻ ያስፈልገናል ሲል ቆይቷል።

የአክስቴ ልጅ ጓደኞች በጆንያ ከትተው፣ በአይሱዙ ጭነው አመጡት። ጆንያው ሲፈታ እንደ ጥይት ተፈትልኮ ማድ ቤቱ ጀርባ፣ እንጨት በምንከምርበት ጠባብ ቦታ ገባ። ይኸው ከመጣ 18 ቀኑ ነው፤ አልወጣም። ቀን ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ስንቀርበው ይንቀጠቀጣል። አይጮህም። ማታ ሁላችንም ስንተኛ ይወጣና ያስቀመጥኩለትን ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል። ጠዋት ሳህኑን ባዶ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ምስር ስለቅም፣ የነጠላዬን ጫፍ ሲያሸት ተሰማኝ። ዞር ስል ሄደ።

ባለፈው ሳምንት የዘጠኝ ዓመት ልጄ እንጨቱ ሥር ተሳቦ ገብቶ ሊጎትተው ሲል አጉረመረመበት። ባለቤቴ በዱላ መሬቱን እየመታ ጮኸበት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሐሳብ አለው። ወይ በሰንሰለት በር ላይ ይታሰርና ይልመድ፣ ወይ ገራዶ ወስጄ እለቀዋለሁ ይላል። «የሚፈራ ውሻ ምን ያደርግልኛል?» ነው የሚለው። እውነቱን ነው ብዬም አስባለሁ።

ሌላም አለ። ግቢውን የምንጋራቸው እናት አሉ። ሙስሊም ናቸው፤ እንደ እናቴ ነው የማያቸው። ቧንቧው የጋራችን ነው፤ ውዱእ የሚያደርጉትም እዚያው ማድ ቤቱ አጠገብ ነው። ምንም አላሉኝም፤ ግን ውሻው ከመጣ ጀምሮ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲያልፉ አያለሁ። ሳያቸው እሳቀቃለሁ።

አክስቴ በስልክ «ቦቢዬ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ደህና ነው እላለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ልሰረው? ለሌላ ሰው ልስጠው? ወይስ ልጠብቅ?

ስሜ ይቆይ፣ ከሆጤ፣ ደሴ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ይህ ዓምድ የጨነቀው ሰው ሁሉ ነው፤ ያስጨነቀው ነገር ባለ አራት እግር ቢሆንም። የሚስቁብሽን ተያቸው። አንዲት በሽተኛ አክስት የምትወደውን ነገር አደራ ተቀብለሻል፤ አደራው ደግሞ እንጨት ሥር ተወሽቆ ይንቀጠቀጣል። ብታለቅሺ ምን ይገርማል?

መጀመሪያ አብሽሪ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ምስር ስትለቅሚ ነጠላሽን መጥቶ አሸተተ ያልሽው። አንቺ እንደ ቀላል ነገር አልፈሽዋል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳያየው፣ በቀን ብርሃን፣ በራሱ ፈቃድ ወጥቶ አጠገብሽ ደርሷል። ተስፋ የቆረጠ ውሻ ይህን አያደርግም። ልብ በይ፤ ያን ጊዜ ምን እያደረግሽ ነበር? ምንም። ቁጭ ብለሻል፣ ጀርባሽን ሰጥተሻል፣ እጅሽ ሥራ ይዟል። ከዚህ በታች የምነግርሽ አብዛኛው ነገር ያቺን ሰዓት ደጋግሞ ከመፍጠር አይዘልም።

እስቲ በእሱ በኩል እንየው። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ሴትዮ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ሽታ ነበረው። አንድ ቀን እሷ ጠፋች። የማያውቃቸው ጎረምሶች ያዙት፣ ጆንያ ውስጥ ከተቱት፣ በጨለማ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየተናጠ ወጣ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእኛ የሚኒባስ መንገድ ነው። ለእሱ ግን አገሩ ሁሉ ተለወጠ። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቷን አንቺው ታውቂዋለሽ። ሽታው ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ብርዱ ሌላ፣ ሰዉ ሌላ። ጆንያው ሲፈታ ያገኘውን የመጀመሪያ ጉድጓድ ቢይዝ አልፈርድበትም።

ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች አንድ የልምድ መለኪያ አላቸው። አዲስ ቤት የገባ ውሻ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በድንጋጤ ያሳልፋል፤ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት መለየት ይጀምራል፤ ቤቴ ነው የሚለው 3 ወር ገደማ ላይ ነው። ይህ ለደህናው ውሻ ነው። በጆንያ ለመጣ፣ በዚያ ላይ ዱላ ለጮኸበት ፈሪ ውሻ ደግሞ ከዚህም ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ በ18 ቀን «አልለመደም» ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው። ዘግይቷል አልልም፤ ገና መንገድ መጀመሩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አክስትሽ ዘንድ እንዴት ነበር የሚኖረው? ልጅ ያውቃል? ወንድ እየገባ ይወጣ ነበር? ቡችላ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ያየውንና የሰማውን ነገር በቀላሉ ይለምዳል፤ በዚያ ዕድሜ ያላየው ነገር በኋላ ያስፈራዋል። ከአንዲት ብቸኛ ሴት ጋር ያደገ ውሻ ሕፃን ልጅ ሲሮጥበት ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። የተመታ ከሆነ ደግሞ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ መጥረጊያ ያነሳሽ እንደሆነ ዱላ ይመስለዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለአክስትሽ ደውዪ። «ደህና ነው» የሚለውን ትተሽ እውነቱን ንገሪያት። ምን ይወድ ነበር? በምን ድምፅ ትጠሪው ነበር? ስንት ሰዓት ትመግቢው ነበር? በያት። እሷም ከሩቅ ሆና የምትረዳው ነገር ስታገኝ ይቀላታል ብዬ አስባለሁ። ሌላ ነገርም ጠይቂያት፤ ለብሳው የከረመችውን፣ ያልታጠበ አሮጌ ጋቢ ወይም ነጠላ ሰው ካገኘች ትላክልሽ። ያን እንጨቱ አጠገብ አንጥፊለት። ውሻ ሰውን የሚያውቀው ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ነው። የእሷ ሽታ ያለበት ጨርቅ የትኛውም ምክር የማያደርገውን ያደርግለታል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ከእንጨቱ ሥር ለማውጣት አትሞክሪ። እንዲያውም ያን ቦታ አሳምሪለት። እንጨቱ እንዳይናድበት አስተካክዪ፤ ሥሩን ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ገለባ ጎዝጉዢለት፤ ከላይ ዝናብ እንዳይገባ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ጣል አድርጊበት። ውሃው ሁሌ አንድ ቦታ ይሁን። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ሕግ ይያዝ፤ እዚያ ውስጥ ማንም እጁን አያስገባም። መሸሸጊያ ያለው ውሻ ለመውጣት ይደፍራል፤ መሸሸጊያውን የነጠቁት ግን ዙሪያው ሁሉ ጠላት ይሆንበታል።

ይህ ሕግ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለልጅሽ ነው። ቦቢ ሲያጉረመርምበት መደንገጥሽ አይፈረድብሽም። ግን ያ ማጉረምረም ውለታ ነው። «አትምጣብኝ፣ ፈርቻለሁ» ማለቱ ነው፤ መንከስ ሲችል አስጠነቀቀ። በማጉረምረሙ የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚነከሰው መውጫ ባጣ ፈሪ ውሻ ነው። ባለቤትሽ ይህችን ነገር ቢሰማልኝ ደስ ይለኛል።

ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጪና ከሩቅ አብራችሁ እዩት። ምልክቶቹን አስተምሪው፤ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይይዛሉ። እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ ጨንቆታል። የሚበላ ነገር ሳይኖር አፍንጫውን በምላሱ ከላሰ ጨንቆታል። ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ጥግ ሲያይሽ፣ የዓይኑ ነጭ እንደ ጨረቃ ጠርዝ ብቅ ካለ፣ ከዚህ አትለፉ እያለ ነው። ጆሮው ወደ ኋላ ከተኛ፣ ጅራቱ እግሮቹ መሃል ከተወሸቀ አትቅረቡት። በድን ሆኖ ከቀረ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ለልጅሽ ሥራ ስጪው፤ ውሃውን የሚቀይረው እሱ ይሁን፤ ቦቢ ከእንጨቱ ሥር እያለ፣ ሳህኑን ከሩቅ አስቀምጦ ይመለስ። ከዚያ በላይ ለጊዜው የለም። ሁለቱን ብቻቸውን አትተያቸው።

አሁን የአንቺ ሥራ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምስር የለቀምሽባት ቦታ ቁጭ በይ። ጎንሽን ስጪው እንጂ ፊት ለፊት አትሁኚበት። ዓይኑን አትዪው፤ ለውሻ የማያውቀው ሰው ሲያፈጥበት ማስፈራራት ነው። ሽንኩርት ላጪ፣ ቡና ልቀሚ፣ ስልክሽን አዋሪ። ሁሌ የምትይው አንድ ቃል ይኑርሽ፤ ስሙን ቀስ ብለሽ ጥሪውና ትንሽ ቁራሽ ሥጋ ወደ እሱ አቅጣጫ ወርውሪ። እጅሽን ዘርግተሽ «ና፣ ና» አትበይው። ቢበላም ባይበላም ሰዓትሽ ሲያልቅ ተነስተሽ ሂጂ። መጀመሪያ ቁራሹን የሚበላው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ይሆናል። ቆይቶ እያየሽ ይበላል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወጥቶ ይበላል። ርቀቱን የሚያሳጥረው እሱ ነው፤ አንቺ ወደ እሱ አንድ ስንዝር አትጠጊ። እግርሽ ሥር ደርሶ እጅሽን ሲያሸት እንኳ አናቱን ለመዳበስ አትቸኩዪ፤ ከላይ የሚወርድ እጅ ያስደነግጠዋል። ደረቱን ወይም ከአገጩ ሥር ትንሽ ነካ አድርጊና እጅሽን መልሺ። ደግሞ ከፈለገ እሱ ራሱ ይጠጋል።

አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል፣ ቆርቆሮ ይወድቃል፣ እንግዳ ይመጣል፤ እንደገና እንጨት ሥር ይገባል። ሁሉም ነገር ከንቱ ሆነ ብለሽ አትዘኚ። ከባድ ድንጋጤ ከሰውነቱ እስኪወጣ ቀን ሁለት ቀን ሊወስድበት ይችላል። ዝም ብለሽ የተለመደውን ሰዓት ጠብቂ። «ሲፈራ ካባበልሽው ፍርሃቱን ታስለምጅዋለሽ» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ እሱን አትስሚ። ፍርሃት በማባበል አይጨምርም። ፈርቶ ወደ አንቺ ከመጣ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ በለሆሳስ አውሪው።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልበል፤ ሰው እዚህ ላይ ሳያውቅ ይሳሳታል። የተረፈ እንጀራ በወጥ ስትሰጪው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱ ይጎዳዋል፤ የውሻን ደም የሚያበላሹ ናቸው። ያለ ወጥ ግን እንጀራም ሩዝም ይበላል። ሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኘው ሳንባና ጉበት ለመጣያ ቁራሽ ግሩም ነው፤ ጥሬውን ግን በፍጹም አትስጪ። በእኛ አገር ከብትና በግ ሳንባና ጉበት ላይ ብዙ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። የትል እጭ ነው። ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ይራባል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች ይተላለፋል። ከረጢት ያለበትን አትግዢ፤ ሌላውንም ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት በደንብ ቀቅዪና በትናንሹ ክተፊው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይቅርበት፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮውን ይወጋዋል።

ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ። አይሆንም። ልብሽም ስለማይፈቅድ ነው የጻፍሽልኝ መሰለኝ። ፈሪን ውሻ በር ላይ ማሰር ማለት የሚፈራውን ሁሉ በፊቱ እያሳለፉ መሸሺያ መንሳት ነው። የሚሸሽበት ሲያጣ ሁለት ነገር ይቀረዋል፤ በድን መሆን ወይም መናከስ። በር ላይ የታሰረ ውሻ የሚናከሰው ደግሞ ሌባውን ብቻ አይደለም፤ የልጅሽን ጓደኛ ነው፣ ወተት የምታመጣውን ሴትዮ ነው፣ እኒያን እናት ነው።

የባለቤትሽን ነገር ግን አቅልለሽ አትዪው። እሱ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ግቢው ሌባ ገብቶበታል፤ ቤተሰቡን ይጠብቅልኛል ብሎ የጠበቀው ውሻ ራሱ ጠባቂ ፈለገ። ውሻው ልጁ ላይ ሲያጉረመርም ደግሞ ደነገጠ፤ ዱላውን ያነሳው ለልጁ ፈርቶ ነው። መጀመሪያ ይህን እንደገባሽ ንገሪው። «ልክ ነህ፣ ሌባው እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል» በዪው። ከዚያ የግቢውን ጥበቃና የቦቢን ነገር ለይታችሁ አውሩ። የበሩን መቀርቀሪያ መቀየር፣ ማድ ቤቱ ጥግ ላይ አምፖል መስቀል፣ አጥሩ የሳሳበትን ማጠር፤ እነዚህ ዛሬ የሚሠሩ ናቸው፣ ውሻ እስኪለምድ አይጠብቁም። ቦቢን በተመለከተ ደግሞ ጊዜ ጠይቂው፤ እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ ሳይመታ፣ ሳይታሰር፣ ሳይሰጥ ይቆይልኝ በዪው። ግቢውን ቤቴ ነው ያለ ውሻ በር ሲነካ ማንም ሳያስተምረው ይጮኻል። ለሌባ መከላከያ ደግሞ የሚበቃው ጩኸቱ ነው፤ መናከስ አያስፈልገውም። ቢቻል ባለቤትሽ ራሱ ማታ ማታ የቦቢን ሳህን አስቀምጦ፣ ምንም ሳይናገር ይመለስ። ዱላ ይዞ የነበረው ሰው ምግብ የሚያመጣለት ሰው እንደሆነ ውሻው ቀስ እያለ ይለየዋል፤ ዱላውንም ይረሳለታል። እስኪለምዳችሁ ባለው ጊዜ የግቢው በር እንዳይከፈት ሁላችሁም ተጠንቀቁ። ከደነገጠና በሩን ክፍት ካገኘ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ነው የሚሮጠው፤ ያ መንገድ ደግሞ ከባድ መኪና የማይለየው ነው።

ስለ ጎረቤትሽ እናት የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። ምንም አላሉሽም፤ እንዳይከፋሽ ነው። አንቺም ምንም አላልሻቸውም፤ ተሳቀሽ ነው። ሁለታችሁም እየተከባበራችሁ ተራራቃችሁ። ነገ ቡና አፍልተሽ ሂጂባቸው። ይቅርታ ሳይሆን ምክር ጠይቂያቸው፤ «እማማ፣ ይህ ውሻ የአክስቴ አደራ ነው፤ ጸሎትዎን እንዳይነካብዎት እንዴት ላድርግ?» በያቸው። እሳቸውን የሚያሳስባቸው የውሻው ምራቅ ልብሳቸውን ወይም የሚሰግዱበትን ነክቶ ማጠብ እንዳያስፈልጋቸው ነው። ውሻ ለጥበቃ ሲያዝ አይጠሉም፤ በወሎ ገጠር ስንቱ ሙስሊም ገበሬ በረቱን በውሻ ያስጠብቃል። ስለዚህ መፍትሔው የእጅ ሥራ ነው። በእንጨቱና በቧንቧው መሃል አጣና ወይም አሮጌ ቆርቆሮ አቁሚ፤ የእሱ መውጫ በሌላኛው ጎን ይሁን። የውሻውን ዕቃ የጋራ ቧንቧ ላይ አትጠቢ፤ ውሃ በጄሪካን ቀድተሽ ራቅ ብለሽ እጠቢ። ምንጣፋቸውን የሚያሰጡበትን ገመድ ከፍ አድርገሽ እሰሪላቸው።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። በዚያ ግቢ ለቦቢ በጣም የሚጠቅሙት ሰው እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በቀን አምስት ጊዜ፣ ሰዓት ጠብቀው፣ ረጋ ብለው ወደ ቧንቧው ይመጣሉ፤ ውሃ ይፈስሳል፣ ያበቃል፣ ይመለሳሉ። አይጠሩትም፣ አያፈጡበትም፣ አይቀርቡትም። ፈሪ ውሻን የሚያረጋጋው ይኸው ነው፤ የሚሆነው ነገር ሁሌ አንድ ዓይነት ሲሆንለት። የእሳቸውን ኮቴ ከእናንተ ሁሉ ቀድሞ ቢለምድ አይግረምሽ። ይህንንም ንገሪያቸው፤ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ሐኪም ማየቱ ግድ ነው። አክስትሽን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መቼ እንደተከተበ ጠይቂያት፤ ካላወቀች አልተከተበም በይ። ክትባቱ በየዓመቱ መታደስ አለበት። የትል መድኃኒትም ያስፈልገዋል። ግን ለዚህ ብላችሁ እንደገና ጆንያ ውስጥ እንዳትከቱት፤ የለፋሽበትን ሁሉ በአንድ ቀን ታጠፊዋለሽ። ደሴ ከተማ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ሁኔታውን አስረድተሽ ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ጠይቂ። መደበቁ ከፍርሃት ብቻ ይሁን ከሕመምም ይመርምርልሽ፤ የሚያመው ውሻም ጥግ ይይዛል። ሁለት ቀን ሙሉ ሳህኑ ሳይነካ ካደረ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። አያድርገውና ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ ትንሽ ጭረት ናት ተብሎ አይታደርም።

የደሴን ሌሊትም አስቢበት። ከጦሳ በኩል ጅብ ሲጮህ፣ የሰፈር ውሾች ሲመልሱ፣ ለአዲስ ውሻ ከባድ ነው። ማድ ቤቱ በር ካለው ማታ ማታ ገርበብ አድርገሽ ተይለት፤ ካሰኘው ይገባል። የዘመን መለወጫና የመስቀል ርችት ሲቃረብ፣ ወይም ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ሲተከል፣ ቀድመሽ ማድ ቤቱን አዘጋጂለት፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኚ፣ የአክስትሽን ጋቢ አግቢለት፣ በሩን ቆልፊ።

ሦስት ወር ሞልቶ ምንም ለውጥ ባይኖርስ? ሌላ ቤት መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ልጅ የሌለበት፣ ጸጥ ያለ ግቢ፣ በተለይ አንዲት ትልቅ ሴት ያለችበት ቢገኝ፣ ምናልባት ኮምቦልቻ ራሷ ላይ፣ ለእሱ የበለጠ የሚስማማው ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱን ሳትደብቂ ተናግረሽ፣ አዲሷ ሰው ቀድማ ደጋግማ መጥታ አይታው፣ ጋቢውን አስይዘሽ ትሰጫታለሽ። ገራዶ መልቀቅ ግን አማራጭ ውስጥ አይግባ። እዚያ የሚያገኘው ሌሎች ውሾችንና ጅብን፣ ወይም ያበደ መስሎት ድንጋይ የሚያነሳን ሰው ነው። ባለቤትሽም ይህን አስቦ ያለው አይመስለኝም፤ በንዴት ነው።

እስከዚያው ግን ለውጡ በምን እንደሚታወቅ ልንገርሽ፣ ትልቅ ነገር ስትጠብቂ ትንሹ እንዳያመልጥሽ። ቀን ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ካየሽ፣ አንቺ እያለሽ ጀርባውን ሰጥቶ ከበላ፣ ተዘርግቶ በጎኑ ከተኛ፣ ስሙን ስትጠሪ ጆሮው ወደ አንቺ ከዞረ፣ ያን ቀን ለባለቤትሽ ንገሪው። አንድ ቀን ደግሞ በሩ ሲንኳኳ አንዴ «ው» ብሎ ይደነግጥና ተመልሶ ይገባል። እንዳትቆጡት። ለአክስትሽ ደውለሽ የምትነግሪያት እሱን ነው። ለእኔም ጻፊልኝ፤ ጋቢው ከደረሰ በኋላ ምን እንዳደረገ ማወቅ እፈልጋለሁ።